ቶሎ እና ቢሆንስ

ባለፈው ሳምንት ቶሎን የተለየነው እሑድ ምሳ ላይ ነበር፤ ማንኪያው በእጁ፣ ዓይኑ ሳህኑ ላይ፣ ጆሮው እስኪቃጠል ቀልቶ። ያላነበባችሁ አትጨነቁ፣ እኔው እነግራችኋለሁ። ይህን ወሬ ሁለት ጊዜ ማውራት አይከፋኝም።

እኔ የምሠራው ሶፍትዌር የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ቢሯችን ከቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ አዲስ የተቀባ ቤት ይሸታል። ሥራዬ ሌሎች የሠሩትን መስበር ነው። አትሳቁ፣ በደመወዝ ነው! ፕሮግራሙ ተጽፎ ሲያልቅ ለእኔ ይሰጠኛል፤ እኔ ደግሞ የማይነካውን እነካለሁ፣ ኔትወርኩን እነቅላለሁ፣ ስልክ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ስሜን እጽፋለሁ፣ ብቻ እስኪበላሽ ድረስ አልላቀቀውም። «ሰባሪዋ» ይሉኛል። ለምጄዋለሁ።

ቶሎ ፕሮግራመር ነው። «ይህ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብሃል?» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ «ቶሎ ነው» ስለሆነ ስም ሆኖበት ቀረ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ሲላላክ፣ የተሰበረውን ሲያይ፣ የሚሠራውን ሲፈታ፣ ራሱን በራሱ አስተማረ። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ጣቶቹ ኪቦርድ ላይ ሲሮጡ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው የሚሰማው፤ እኔ አንዳንዴ ያንቀላፋኛል።

ቢሆንስ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ናት፤ እህቴ በሏት። ሶፍትዌር ኢንጂነር ናት፤ ሁለት ዲግሪ አላት፤ ስሟ የወጣላት ከአፏ ነው። «ኔትወርክ ቢቋረጥስ? ሰውየው ሁለት ጊዜ ቢጫነውስ? መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ?» ስትል ነው የምትውለው። አባቷ፣ አጎቴ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድልድይ ሲሠሩ የኖሩ ኢንጂነር ናቸው። «ኢንጂነር» የሚለውን ቃል እንደ እናታቸው ስም ነው የሚጠሩት፤ ለማንም አያበድሩትም።

ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ «ፕሮግራመርና ሶፍትዌር ኢንጂነር ያው አይደሉም እንዴ? ሁለቱም ቁጭ ብለው ይጽፋሉ!» ይለኛል። እኔ መሃላቸው ስለምቀመጥ ልዩነቱን በጆሮዬ ነው የማውቀው። ቶሎ ጽፎ ሲጨርስ «ሠራ!» ብሎ ይጮኻል። እሷ ደግሞ «እስከ መቼ ነው የሚሠራው?» ትላለች። እሱ «የቀረበልኝ ጥያቄ ተመለሰ» ይላል፤ እሷ ያልቀረበውን ጥያቄ ፍለጋ ትሄዳለች። እሷ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ስትለው፣ እሱ «አንቺ እስክታፈሺ ውኃው ይደርቃል» ይላታል። እንዲህ ሲነካከሱ ነው ፍቅር የጀመራቸው።

ሁለቱም ደብቀነዋል ብለው ያስባሉ። አይ የሰው ነገር! ቶሎ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስክሪን አለው፤ አንዱን ግን አብርቶት አያውቅም። አለቃችን «ለምን አታበራውም?» ሲለው «ብርሃኑ ዓይኔን ያመኛል» ይላል። የጠፋ ስክሪን ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ላይ ከጀርባው የተቀመጠችው ቢሆንስ ቁልጭ ብላ ትታያለች። እኔ አንድ ቀን በእሱ ወንበር ስቀመጥ ነው የደረስኩበት። እሷም ታውቃለች። ባታውቅ ኖሮ ወደዚያ ስክሪን እያየች ጸጉሯን አታስተካክልም ነበር።

ታዲያ ያ እሑድ። ቢሆንስ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ቤት ይዛው ሄደች፤ እኔም አጃቢ ሆኜ። አጎቴ ምሳው እንደቀረበ «ልጄ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አሉት። ቶሎ አፉን ሳይከፍት ቢሆንስ ቀደመችው፤ «ኢንጂነር ነው አባዬ፣ አብረን ነው የምንሠራው።» አጎቴ ፊታቸው በራ። «አባትህስ?» አሉ። አሁንም እሷ፤ «በትራንስፖርት ዘርፍ ነበሩ።» እኔ ውኃው ትን አለኝ። ቶሎ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የእሱ ዝምታ ግን ሁለት ቀን ሳይሞላው ነቀዘ።

*

ማክሰኞ አለቃችን ሰበሰበን። የያዝነው ሥራ የደም ባንክ ነው። ሐኪም ቤት ደም ሲያጥር ፕሮግራሙ በአካባቢው ላሉ ለጋሾች በስልካቸው መልእክት ይልካል፤ ለጋሹ «እመጣለሁ» ካለ ይመዘግበዋል። ደም ባንኮቹ ውል ሲፈራረሙ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ማን ኢንጂነር እንደሆነ፣ ማን ፕሮግራመር እንደሆነ ተለይቶ ይነገረን አሉ። ኢንጂነር የተባለው ስሙን ከሥራው ሥር ያኖራል፤ ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ የሚጠየቀው እሱ ነው። አለቃችን መለየቱን ለቢሆንስ ሰጥቷት ነበርና ተነሥቶ እሷ የጻፈችውን፣ የእያንዳንዳችንን አነበበልን።

የእኔ «ሞካሪ» ነው፤ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቶሎ ጋ ሲደርስ «ፕሮግራመር» አለ፤ አለና ወደ ቀጣዩ አለፈ።

እኔ ወደ ቶሎ አላየሁም። ማየት አልቻልኩም። ስብሰባው ሲበተን እሱና ቢሆንስ ብቻ ቀሩ። በስብሰባ ክፍሉና በሻይ ማፍያው መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው፤ እኔ ደግሞ ሻይ ጠምቶኝ ነበር። ምን ላድርግ?

«እሑድ ኢንጂነር ነበርኩ፤ ማክሰኞ ፕሮግራመር ሆንኩ» አለ ቶሎ። «ሰኞ ዕለት ምን አጥፍቼ ነው ያወረድሽኝ?»

«አላወረድኩህም። ይሄ ማዕረግ መስሎህ ነው? ሸክም እኮ ነው። ሥራው ቢበላሽ፣ ሰው ቢጎዳ፣ ስምህ ነው የሚጠራው። አንተ እስካሁን ነገሩ መሥራቱን እንጂ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን አስበህ አታውቅም። አስብ ስልህ ትስቅብኛለህ። ይሄን እያወቅኩ እንዴት ልጫንህ?»

«እሺ፣ እሱን ልቀበል። አባትሽ ፊትስ ምን ነበር የጫንሽኝ?»

እሷ ወንበሯን ስትገፋ ሰማሁ።

«ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው» አለ። ድምፁ ወረደ። «እዚህ ዋሽተሽ ቢሆን ደስ ባለኝ። አንቺ ግን ሥራ ላይ አትዋሺም፤ አውቅሻለሁ። ስለዚህ የዋሸሽው እዚያ ነው። አፍረሽብኛል።»

«አላፈርኩብህም!»

«የአባቴን መኪና እንኳ ዘርፍ አደረግሽው! ሰውየው በዚያ መኪና ነው እኔን ያሳደጉኝ። ዘይት የነካው እጃቸውን ታጥበው ነው ትምህርት ቤት የሚያደርሱኝ።»

«አንተስ?» አለች እሷም፣ እንባዋ ድምፅዋ ውስጥ ገብቶ። «አፍ የለህም? አባቴ ፊት 'አይደለሁም' ማለት አትችልም ነበር? እኔ ስዋሽ አንተ ምን ትሠራ ነበር?»

 በሩን ከፍቶ ሲወጣ እኔን ከነብርጭቆዬ አገኘኝ፤ ያየኝ ግን አልመሰለኝም። ጠረጴዛው ጋ ሄደ፣ ቁጭ አለ፣ እጁን ዘረጋና ያንን የጠፋ ስክሪን አበራው።

ቢሆንስ ከኋላው ስትመጣ ብርሃኑን አየች። ቆመች። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ሲሰበር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ድምፅ ሳያሰማ የተሰበረ ግን አላውቅም።

*

የእኛን ሥራ ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማንም የጻፈው ኮድ ሌላ ሰው ሳያነበው አያልፍም። አንባቢው በዳር በዳሩ አስተያየት ይጽፋል፤ «ይህ ለምን ሆነ? ይህ ቢሆንስ?» ይላል። ጸሐፊው ያርማል፤ አንባቢው ሲያምንበት «ይለፍ» ብሎ ስሙን ያኖራል። የቶሎን የምታነበው ቢሆንስ ናት። የሌሎቹን ሁለት ሦስት ቃል ጽፋ ታሳልፋለች፤ የእሱን ግን ዳሩን ሞልታው ነው የምትመልስለት። «እኔ ላይ ብቻ ነው የምትበረታው፤ ስላልተማርኩ ትንቀኛለች» እያለ ለእኔ ሲያማርር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ረቡዕ ዋናውን ክፍል ላከላት፤ ለጋሾቹን የሚጠራውን። ጥዋት ላከ፤ ሻይ ሳንጠጣ መልስ መጣለት።

«ጥሩ ነው። ይለፍ።» ከሥሩ ስሟ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለ ቶሎ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የታመመ ነው የሚመስለው።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«አሳለፈችው።»

«ታዲያ ደስ አይልህም? ለዚህ አልነበር ስታለቅስ የኖርከው?»

«አንድም አስተያየት የለውም» አለ። «አንድም! አይተሽ ታውቂያለሽ? ከላይ እስከታች ባዶ ነው።» መዳፉን ፊቱ ላይ አሻሸ። «ሞኝ ነኝ እኮ። ንቀት ይመስለኝ ነበር። ማንም ሰው እንደ እሷ አንብቦኝ አያውቅም፤ አስተማሪ አላነበበኝም፣ አለቃ አላነበበኝም። እያንዳንዱ መስመር ላይ ቆማ ነበር የምታየኝ። አሁን ተወችኝ። ይሄ 'ይለፍ' ማለት 'ተውኩህ' ማለት ነው።»

ምን ልበለው? «ኧረ ተው» አልኩት፤ የማይረባ ቃል ነው፣ ግን ሌላ አልመጣልኝም።

ገብቼ ሥራዬን ጀመርኩ። ለሙከራ የተመደበችውን አሮጌ ስልክ እንደ ለጋሽ አስመዘገብኳት። ደም ጠራሁ፤ መልእክቱ መጣ። «እመጣለሁ» አልኩ፤ ተመዘገበ። ጎበዝ! ከዚያ እንደ ልማዴ ኔትወርኩን ነቀልኩት፤ ትንሽ ቆይቼ መለስኩት። ስልኳ ጮኸች። «ደምዎ በአስቸኳይ ይፈለጋል።» ደገመች። ደገመች። አልቆም አለች! ፕሮግራሙ መስመሩ ሲቋረጥ ማንን እንደጠራ ይረሳና ከመጀመሪያ ጀምሮ ሁሉንም ሰው እንደገና ይጠራል። ዛሬ ደም የሰጠ ሰው ሥራውን ጥሎ ተመልሶ ይመጣል፤ «አይ፣ በስህተት ነው» ይባላል። አንዴ፣ ሁለቴ እንዲህ ከሆነ፣ በእውነት ሰው ሊሞት ሲል ማን ይመጣል?

ቶሎን ጠራሁት። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ስትንቀጠቀጥ አየ። ወዲያው ገባው፤ በመረዳትማ ማን ይደርስበታል? ግን ዓይኑ ስህተቱ ላይ አልቆየም። ወረደና ከታች ስሟ ላይ ቆመ።

«ይሄ እንዲህ እንዳለ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የሚጠሩት እሷን ነው?» አለኝ።

«የፈረመችው እሷ ናት።»

«የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«አዎ። ልዩነቱ እሱ አይደል እንዴ?»

 ለረጅም ጊዜ ቆሞ ስሟን አየ። «ሸክም ነው ስትለኝ ነበር» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ ተቀመጠና «ይለፍ» የተባለውን ሥራ እንዳላለፈ ቆጥሮ ሙሉ በሙሉ መልሶ አወጣው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት። «ያንኑ ቦታ ብቻ አታርመውም? አንተ ደግሞ፣ ቶሎ ነው አትልም እንዴ?»

«ቶሎ አይደለም» አለኝ።

እመኑኝ፣ ያ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

*

ሐሙስ ዝናቡ ቆመ፤ ማለቴ ኪቦርዱ። ቶሎ አንድ ነገር ይጽፋል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ጥፍሩን ይነክሳል። ዓርብም እንዲሁ። ወሬ ወዳድ መሆኔን ደብቄ አላውቅምና ሻይ ላቀብለው ብዬ በትከሻው አጮለቅሁ። በሥራው ዳር፣ እሷ ትጽፍበት በነበረው ቦታ፣ የእሷን ጥያቄዎች ራሱ እየጻፈ ነበር!

«መስመሩ ቢቋረጥስ?» ከሥሩ መልሱ። «ለጋሹ ሁለት ጊዜ ቢጫነውስ?» መልሱ። «ሁለት ሐኪም ቤቶች አንድን ሰው በአንድ ጊዜ ቢጠሩትስ?» ይህን እኔም አላሰብኩትም ነበር። «ስልኩን የያዘው ለጋሹ ሳይሆን ልጁ ቢሆንስ?» እያለ፣ እያለ፣ ዳሩ ሞልቶ ነበር። መጨረሻ ላይ ቢሆንስ ለሁላችንም የምትጽፈው፣ ቶሎ ግን አንድም ቀን መልሶላት የማያውቀው ጥያቄ አለ፤ «ይህን የጻፈው ሰው ባይኖርስ?»

ጥያቄው ክፉ አይደለም። ጸሐፊው ሥራ ቢለቅ፣ ቢታመም፣ ሌላ ሰው ገብቶ ሊጠግነው ይችላል ወይ ማለት ነው። ቶሎ ከሥሩ እንዲህ ጻፈ፤

«ማንም ሰው ገብቶ እንዲጠግነው ተደርጎ ተጽፏል። እሱ ግን ይኖራል።»

ሻዩን እዚያው አስቀምጬ ሄድኩ። 

ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ ላከላትና እሷን ሳያይ ወጣ። ቢሆንስ ቦርሳዋን አንግታ ኮምፒዩተሯን ልትዘጋ ስትል ነው የደረሳት። ቆማ ማንበብ ጀመረች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ተቀመጠች። የቀለም ሱቁ መዝጊያውን እያንኳኳ ሲዘጋ ከታች ይሰማናል፤ እሷ አልሰማችም። ታነባለች።

«ሳላነብ ነው ያሳለፍኩት» አለችኝ፣ ሳትዞር።

«አውቃለሁ።»

«በሕይወቴ አንድም ቀን እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ያንን ስክሪን ሲያበራው...» ቃሏ ተቆረጠ። «ማየት ካልፈለግክ እኔም አላይህም አልኩ። በሥራ ተበቀልኩት። በሰው ደም እኮ ነው የተጫወትኩት፣ እህቴ!»

ሄጄ አቀፍኳት። ደረቴ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ያቺ ሁሉንም ነገር አስቀድማ የምታስብ ልጅ፣ ራሷ ልትሰበር እንደምትችል ግን አስባ አታውቅም ነበር። እንባዋን ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠረገችና «እሑድ አባዬ ጋ እንዲመጣ ንገሪው» አለችኝ። ፊቷን ሳየው ፈራሁላት።

*

ቶሎ መጣ። ያንኑ ያለፈውን እሑድ ሸሚዝ ነው የለበሰው፤ ታጥቦ ተተኩሷል። የአጎቴ ሳሎን ግድግዳው ላይ የቤተሰብ ፎቶ አንድ ነው፤ የድልድይ ፎቶ ግን አይቆጠርም። አጎቴ በቢላ ብርቱካን እየላጡ ነበር፤ ልጣጩ ሳይቆረጥ እንዲወርድ ይጠነቀቃሉ።

«ኢንጂነር! እንደምን ሰነበትክ?» አሉት።

 ቢሆንስ ከወንበሯ ተነሣች።

«አባዬ፣ ኢንጂነር አትበለው።»

«ምነው? ከሥራ ወጣ እንዴ?»

«ኢንጂነር አይደለም። ፕሮግራመር ነው። አባቱ ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ባለፈው የነገርኩህ ውሸት ነው።»

ቢላው ቆመ። «ለምን?»

«ፈርቼህ። 'ሹፌር' ስልህ ፊትህ እንዳይጠቁር ፈርቼ።»

አጎቴ ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን እሷ በፈራችው ምክንያት አልነበረም። «ስሚ» አሏት። «ድልድይ የሚጥለው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጎርፍ አይደለም፤ ጎርፉን አስልተን ነው የምንሠራው። ሹፌሩ ጭኖ ሳለ 'ባዶ ነኝ' ብሎ ሲያልፍ ነው። ያልተነገረኝን ክብደት እንዴት አድርጌ ልሸከም?»

«ጋሼ» አለ ቶሎ።  «አባቴ ስለ ጭነታቸው አንድም ቀን ዋሽተው አያውቁም። ሚዛን ላይ ሲያቆሟቸው እንኳ ከሚዛኑ በፊት እሳቸው ይናገራሉ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ስትናገር ዝም አልኩ።»

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

ቶሎ መሬት መሬት አየ። «ጣፈጠኝ» አለ።

ሳቄን በእጄ አፈንኩት። የአጎቴ የከንፈራቸው ጥግ ትንሽ ነቃ ብሎ ተመለሰ። ይኼኔ ነገሩ ያለፈ መስሎኝ ነበር፤ ቢሆንስ ግን አልተቀመጠችም።

«ሌላም አለ፣ አባዬ። የእሱን ሥራ ሳላይ ፈረምኩ።»

አጎቴ ብርቱካኑን አስቀመጡት። ልጃቸውን እንዲህ ሲያዩዋት አይቼ አላውቅም። «ሳታዪ?» አሉ፤ በሹክሹክታ ነው።

«ሳላይ። ተጣልተን ነበር፤ ልቤ ቆስሎ ነበር። ሰበብ ግን አይሆንም።» እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ አትጠርገውም። «የሰው ሕይወት ያለበት ሥራ ነው። ስህተት ነበረው።»

«ማን ያዘው?»

እኔን አመለከተች። ደረቴ ሳላስበው ነፋ አለ፤ ወዲያው ግን አፈርኩና አወረድኩት።

«ማን መለሰው?»

«እሱ።»

«አለቃችሁ አዞት?»

«ማንም አላዘዘውም። ያቺን አንዲት ቦታ አርሞ መተው ይችል ነበር። ሁሉንም አውጥቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ መረመረው። ይቺ እህቴ እንኳ ያላገኘቻቸውን ስህተቶች ራሱ አገኘ፣ ራሱ ጻፋቸው።»

 አጎቴ ተነሡ፣ መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ፣ ተመለሱ። «እኔ አንድ ሥራ አልፎልኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ወጣት ሆኜ። ልቤ ስሌቱን ጠርጥሮ ነበር፤ ግን አልፏል አልኩና ተውኩት። ድልድዩ አልወደቀም፤ ዛሬም ቆሟል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን ዛሬም እነቃለሁ።» ወደ ቶሎ ዞሩ። «ያለፈለትን ሥራ መልሶ የሚያወጣ ሰው እኔ አላየሁም። እኔም አላደረግኩትም።»

ከዚያ ብርቱካኑን አንሥተው ለሁለት ከፈሉና ግማሹን ለቶሎ ሰጡት።

«ኢንጂነር ግን አይደለህም» አሉት።

«አይደለሁም፣ ጋሼ።»

«ልትሆን ትፈልጋለህ?»

ቶሎ ወደ ቢሆንስ አየ። በስክሪን አይደለም፣ በግልጽ፣ ፊት ለፊት። «እሷ ካነበበችኝ» አለ።

እኔ ሳህኖቹን ሰብስቤ ወጥ ቤት ሄድኩ፤ ጆሮዬን ግን አልወሰድኩትም። ሁለቱ በረንዳው ላይ ናቸው።

«እኔ ፕሮግራመሩን ነው የወደድኩት» ትለዋለች። «ያንን 'ሠራ!' ብሎ የሚጮኸውን። አንተ ባትጮህ እኔ ሁልጊዜ እፈራለሁ፣ አንድም ነገር አልጨርስም። አባትህን ዘርፍ ያልኩበት አፌ ይቆረጥ። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። እኔም ዝም አልኩ፤ ይቅር በይኝ።» አላት። «ለመጨረሻው ጥያቄ የጻፍኩትን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያስ?»

«እሱን በሥራ ሰዓት ነው የምመልስልህ» አለችው። ሲስቁ ሰማሁ። የያዝኩት ሳህን ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

*

ሰኞ ጥዋት ስገባ ያ ስክሪን ጠፍቷል። ጥቁር ነው። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ፈገግ አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ የቶሎ ሥራ ከቢሆንስ ተመለሰ። ውይ፣ ያንን ዳር ብታዩት! የጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ እንደገና ጠይቃዋለች፤ ጥሩ ያለውን ጥሩ ብላለች፣ ያልጣማትን መልሳለች፤ አንዱ ጋ «ይህ እንዴት አድርጎ አማረብህ!» ብላ ጽፋለች፤ ይህን ለማንም ጽፋ አታውቅም። ቶሎ አንድ በአንድ እያነበበ ወረደ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ ከኋላ አይለይም። እኔም ተነሥቼ ሄድኩ፤ ሻይ እንኳ አልያዝኩም፣ ማስመሰሉ ሰልችቶኛል።

መጨረሻ ላይ፣ «እሱ ግን ይኖራል» ከሚለው ሥር፣ እንዲህ ብላለች፤

«ይህ መልስ አልተፈተነም። ለሰባሪዋ አይሰጥ። እኔ ራሴ እፈትነዋለሁ፤ ዕድሜ ልክ ይፈጃል።»

ቶሎ እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ፤ መልሶ አነሣው። ጥቁሩን ስክሪን አየ። እሷ እዚያ ውስጥ አለች፤ እያየችው ነው። ቀስ ብሎ ወንበሩን አዞረ። አለቃችን አለ፣ እኛ ሁላችን አለን፤ ግድ አልሰጠውም። ተነሥቶ ሄደና ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ።

«ቶሎ አይደለም አይደል?» አላት።

«ቶሎ አይደለም» አለችው።

እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለመስበር ነው። ያን ዕለት ግን ምንም ነገር መንካት አልቻልኩም፤ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ደስ ብሎኝ፣ አለቀስኩ።